ቤትና ንብረት በመግዛት ነገር ልምድ ስለሚሰጠው ጥቅም

ሰው በሕይወቱ ዘመን ከሚገዛው ነገር ሁሉ እንደ ቤት የሚከብድ የለም። ልብስ ቢያረጅ ይለወጣል፤ በቅሎ ብትለግም ትሸጣለች፤ እህል ቢነቅዝ የሚመጣው መከር ይተካዋል። ቤት ግን የብዙ ዓመት ደመወዝ፥ የእመቤቲቱ ጌጥ፥ የአባት ውርስ ተጠራቅሞ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ በግዥው ላይ የተደረገ ስሕተት ገዥውን ብቻ ሳይሆን ልጆቹንም ይጐዳል። ስለዚህ ገንዘቡን በቤት ላይ ለማዋል ያሰበ ሰው ወዳጆቹን ቢያማክር፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ልምድ ያለው ሰው ፈልገህ ጠይቅ» የሚል ነው።

ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ልምድ ማለት ምን እንደ ሆነ ሳይመረምሩ ልምድን መከተል፥ ዐይኑን የታመመ መሪ ይዞ በገደል አፋፍ እንደ መሄድ ነው። ብዙ ሰዎች ልምድን በዓመት ብዛትና በግዥ ብዛት ይቈጥሩታል። አምስት ቤት የገዛና የሸጠ ሰው ዐዋቂ ነው፤ ምንም ያልገዛ ሰው ግን አላዋቂ ነው ይላሉ። በፍርድ ቤት የቤት ክርክር የሚጽፍ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ከከሳሾቹና ከተከሳሾቹ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የገዙ እንዳሉ ሁሉ፥ ደጋግመው የገዙም አሉ። ከክርክሮቹም ብዙዎቹ የሚነሡት በግዥው ቀን ሳይጠየቅ ከቀረ ከአንድ ጥያቄ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፥ ልምድ ለሰው ከሚሰጠው ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ መሆኑን ነው። መልሱ በየዘመኑ ይለወጣል፤ ጥያቄው ግን ጸንቶ ይኖራል።

የጥንት ሰዎች እንዴት ይገዙ ነበር

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፥ አባታችን አብርሃም ሚስቱ ሣራ በሞተች ጊዜ ለመቃብር የሚሆን ቦታ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ኤፍሮን አስቀድሞ ያለ ዋጋ እንዲወስደው ነግሮት ነበር። አብርሃም ግን በዚያች ምድር እንግዳ ስለ ነበረ፥ ያለ ዋጋ የተያዘ ቦታ ነገ ክርክር እንደሚያመጣ ያወቀ ይመስላል፤ ብሩን በሚዛን መዝኖ ከፈለ። ግዥውም በስውር አልተደረገም፤ በከተማይቱ በር በሚገቡት ሁሉ ፊት ሆነ። እርሻው፥ ዋሻው፥ በዙሪያው ያለውም ዛፍ ሁሉ ተለይቶ ተጠራ።

ነቢዩ ኤርምያስም የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከቦ ሳለ፥ በዓናቶት ያለውን እርሻ ከአጎቱ ልጅ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ፥ ውሉን ጽፎ አተመ፤ ምስክሮችንም አቆመ። የታተመውንና የተከፈተውን ውል ለጸሓፊው ለባሮክ ሰጥቶ፥ ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖረው አዘዘው።

ከነዚህ ከሁለቱ ግዥዎች አራት ነገር እንማራለን። ንብረቱ ከነወሰኑ ተለየ፤ ዋጋው ተቈርጦ በሰው ፊት ተከፈለ፤ ምስክር ቆመ፤ ውሉ ተጽፎ በደኅና ስፍራ ተቀመጠ። ዛሬ በመሬት መዝገብ ቤት፥ በውል ማረጋገጫ ቤትና በባንክ የሚደረገው ሥራ ሁሉ የእነዚህ የአራቱ ነገሮች ዝርዝር ነው። ይህን ለማወቅ አምስት ቤት ገዝቶ አምስት ጊዜ መጐዳት አያሻም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ዋጋውን ከፍለው ትተውልናል።

የአዲስ አበባ ታሪክ የሚያስተምረው

በአገራችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲባል ኖሯል። ይህ ቃል በተነገረበት ዘመን የመሬት ልምድ ማለት የትውልድ ሐረግን መቍጠር፥ የወሰን ድንጋይን ማወቅ፥ በሽማግሌ ፊት መመስከር መቻል ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ዕውቀት አስፈለገ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስለ ከተማው ቦታ ባወጡት ሕግ፥ በከተማይቱ ውስጥ ቦታን በግል መያዝና መሸጥ ሕጋዊ መልክ አገኘ። ከሐረግ ቈጠራ ይልቅ ወረቀትና ልክ ማወቅ የሚጠቅምበት ዘመን ጀመረ።

ከዚያ ጥቂት ዓመት አስቀድሞ የሆነውን ነገር ደግሞ ልብ ማለት ይገባል። በከተማይቱ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ስላነሰ፥ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በዚያን ጊዜ ልምድ ያለው ሰው ቢጠየቅ ኖሮ፥ እንጨት ሲያልቅ መናገሻ መለወጡ ከጥንት ጀምሮ የታየ ስለ ሆነ፥ በአዲስ አበባ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው ባለ ነበር። ይህም ነገር ሐሰት አልነበረም፤ የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ይመሰክርለታል። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገ፤ ለማገዶም ለግድግዳም የሚሆን እንጨት ተገኘ፤ ከተማይቱም ባለችበት ጸናች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የብዙ ዘመን ልምድ በአንድ ዛፍ ተሻረ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፥ በጣቢያው በኩል ያለው ቦታ ሌላ ዋጋ አገኘ።

ከዚህም የሚበልጠው ለውጥ በ1967 ዓ.ም. መጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን፥ በከተማ ለሚኖር ባለጸጋ የጥበብ ሁሉ ራስ ብዙ ቤት ሠርቶ ማከራየት ነበር። አባት ለልጁ የሚነግረው፥ ጡረታ የሚወጣውም ሹም የሚያስበው ይህንኑ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት እጅ ገቡ። በዚያን ጊዜ ይበልጥ የተጐዱት ልምድ የሌላቸው አልነበሩም፤ በልምዳቸው ብዛት ሀብታቸውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ንብረት ላይ ያኖሩት ነበሩ።

ሕጉ በዚያም አልቆመም። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነና እንደማይሸጥ ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ቦታ የ99 ዓመት ዘመን ወሰነ። እንግዲህ ዛሬ «ቦታ ገዛሁ» የሚል ሰው በእውነት የገዛው ቤቱን ነው፤ በመሬቱ ላይ ያገኘው የመጠቀም መብት ነው። የአያቱን ልምድ ብቻ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን ልዩነት ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ለውጥ በኋላ ጸንቶ የቀረው ልምድ ሦስት ጥያቄ ነው። የምገዛው ነገር በእውነት ምንድር ነው? የሚሸጥልኝ ሰው ለመሸጥ ሥልጣን አለውን? ሕጉ በዛሬው ቀን ምን ይላል? እነዚህን ሦስቱን የሚጠይቅ ሰው፥ ምንም እንኳ በዕድሜው ወጣት ቢሆን፥ ልምድ ካላቸው ወገን ይቈጠራል።

ሁለት ገዥዎች

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እናቁም። አንደኛው አቶ እገሌ፥ በዘመኑ ስድስት ቤት የገዛና የሸጠ፥ በሰፈሩም ስለ ቤት ነገር ሁሉ የሚጠየቅ ሰው ነው። ሁለተኛይቱ ወይዘሮ እገሊት፥ ከደመወዝዋ እየቈጠበች የኖረች፥ ከዚህ በፊት አንድም ቤት ያልገዛች አስተማሪ ናት።

በዕጣ የደረሰ የጋራ መኖሪያ ቤት እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ ተከልክሎ ሳለ፥ ብዙ ሰዎች ቤቱን በውክልና እየተቀባበሉ ይገዙት ነበር። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ለገዥው የውክልና ወረቀት ይሰጠዋል፤ የተከለከለበት ዘመን ሲያልፍ ስሙን በወኪልነት ያዞራል ተብሎ ይታሰባል። አቶ እገሌ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ገዝቶ ምንም ክፉ ነገር አላገኘውም። ስለዚህ በሦስተኛው ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ወረቀቱን በሣጥኑ ቈለፈ።

በሦስተኛው ዓመት ሻጩ ታሞ ሞተ። ውክልና ደግሞ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ በወካዩ ሞት የሚቀር ነገር ነው። የሟቹ ልጆች አባታቸው ቤቱን መሸጡን አልሰሙም፤ በመዝገቡም ላይ የሚያገኙት የአባታቸውን ስም ብቻ ነው። የውርስ ማስረጃ አውጥተው ቤቱን ጠየቁ። አቶ እገሌ የሰጠውን ገንዘብ ይቈጥራል፤ ልጆቹ የአባታቸውን ስም ያሳያሉ። ሁለቱም ወገን ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ጠበቃ ቆመ፥ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደራረበ፥ ጎረቤትም በሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ማንም ቢረታ፥ የጠፋው ዘመንና የተቃጠለው ልብ አይመለስም።

ለወይዘሮ እገሊትም ተመሳሳይ ቤት በተመሳሳይ መንገድ ቀርቦላት ነበር። እርስዋ ልምድ ስለሌላት አንድ የሞኝ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀች፤ «ሻጩ ነገ ቢሞት በእጄ የሚቀረው ምንድር ነው?» አለች። ደላላው ሣቀ። «ሰው ሁሉ እንዲህ አይደል የሚገዛው?» አላት። እርስዋ ግን መልስ ስላላገኘች ተወችው። ስምንት ወር ፈልጋ በስፋቱ የሚያንስ፥ ነገር ግን በሻጩ ስም የተመዘገበ፥ ስሙም ወዲያው ሊዞር የሚችል ቤት ገዛች። የሚያውቅዋት ሰዎች ዘገየሽ ብለው ወቀስዋት። ዛሬ በቤትዋ ተቀምጣ ልጆችዋን ታስተምራለች።

ከሁለቱ ልምድ ያለው ማን ነው? አቶ እገሌ ሁለት ጊዜ ያልወደቀው መንገዱ ደኅና ስለ ነበረ አይደለም፤ ሻጮቹ በሕይወት ስለ ቈዩለት ነው። ዕድሉን እንደ ዕውቀት ቈጠረው። በቤት ነገር ከሁሉ የሚያታልለው ልምድ ይህ ነው። የቤት ዋጋ በሚወጣበት ዘመን የገዛ ሁሉ ብልኅ ይመስላል፤ በጭፍን የገዛውም፥ አስልቶ የገዛውም እኩል ያተርፋሉ። ከዚያ በኋላ በጭፍን የገዛው ሰው ለሌላው መካሪ ይሆናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ መካሪህን «ስንት አተረፍህ?» ብለህ አትጠይቀው፤ «በምን ምክንያት አተረፍህ? የከሰርህበትስ ጊዜ መቼ ነው?» ብለህ ጠይቀው። የከሰረበትን መናገር የማይችል መካሪ፥ ያተረፈበትንም ምክንያት አያውቅም።

ሕጉ የሚጠይቀው

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723፥ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በቍጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በንብረቱ ሥፍራ ባለው መዝገብ ካልተጻፈ፥ በሦስተኛ ወገን ላይ እንደማይጸና ይናገራል። እንግዲህ ሁለት ምዝገባ አለ፤ አንዱ የውሉ፥ ሁለተኛው የንብረቱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ፈጽሞ፥ ሁለተኛውን ለነገ ያሳድረዋል። በዚያ «ነገ» መካከል ነው ባንክ በዕዳ፥ ፍርድ ቤት በእገዳ፥ ሌላ ገዥም በሌላ ውል የሚገባው።

ስለዚህ ብልኅ ገዥ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የይዞታ ማረጋገጫው ካርታ በማን ስም እንደ ሆነ፥ በላዩም ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፥ ከመዝገብ ቤቱ ያረጋግጣል። ሻጩ በያዘው ግልባጭ ላይ ብቻ አይታመንም፤ ግልባጩ ትናንት የነበረውን ይነግራል እንጂ ዛሬ ያለውን አይነግርም። ቦታው በሊዝ እንደ ሆነ ስንት ዓመት እንደ ቀረውና ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቃል። የከተማውንም ፕላን ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በሌሎችም የአዲስ አበባ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ ቤት እንደ ተነሣ ሁሉም አይቷል። መንገድ በሚያልፍበት ስፍራ የተገዛ ቤት፥ ካርታው ንጹሕ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው።

የእመቤቲቱ ድርሻ

በብዙ ቤት ባልየው ቤት ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ለሚስቱ ቍልፍ ያስረክባታል፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ደስታ ይቈጥረዋል። በእውነቱ ግን ከቤተ ሰቡ መካከል ስለ ቤት ይበልጥ ልምድ ያላት እርስዋ ናት። ባልየው ሲነጋ ወደ ሥራ ሲሄድ ሲመሽ ይገባል። ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚጠፋ፥ የማድቤቱ ጢስ በየት እንደሚወጣ፥ ጠዋት ፀሓይ ለሕፃናቱ ክፍል እንደሚደርስ ወይም እንደማይደርስ፥ ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት ያለው መንገድ በጭቃ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን የምታውቀው እመቤቲቱ ናት። ለኪራይ የሚገዛ ቤት ቢሆን እንኳ፥ ተከራይ የሚወደውንና የሚጠላውን ከእርስዋ ይልቅ ማን ያውቃል? ስለዚህ ቤት ሳታይ የተገዛ ቤት በግማሽ ዐይን የታየ ቤት ነው።

ሕጉም ከዚህ ጋራ ይስማማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 68፥ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው፥ የሚለወጠውና በዋስትና የሚያዘው በባልና በሚስት በሁለቱም ስምምነት እንደ ሆነ ደንግጓል። ስለዚህ ገዥ የሆነ ሰው በሻጩ ቤት ሄዶ እመቤቲቱን ሳያይና ፈቃድዋን በጽሑፍ ሳያገኝ ገንዘብ ሊሰጥ አይገባውም። «ሚስቴ ታውቃለች» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም። ባል ስትሸጥ ሚስትም እንዲሁ ነው፤ ሕጉ ለሁለቱም እኩል ተጽፏል።

ስለ መሬቱና ስለ ክረምቱ

ቤት ሻጭ ቤቱን የሚያሳየው በበጋ፥ ቀለሙን አስቀብቶ፥ ግቢውን አስጠርጎ ነው። ልምድ ያለው ገዥ ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናም ሲወርድ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ጣራው ያለ አማላጅ ይናገራል፤ ጎርፉም መንገዱን ያሳያል። ውሃ በግድግዳው ሥር ቆሞ እንደ ሆነ፥ ከላይ ያለው ጎረቤት የዝናሙን ውሃ ወደ ግቢው ያወርደው እንደ ሆነ፥ ወንዙ እስከ የት እንደሚሞላ ይታያል። በክረምት ለማየት የማይቻል እንደ ሆነ፥ ከግድግዳው ሥር ያለውን የእርጥበት ምልክትና አዲስ የተቀባውን ስፍራ መመልከት፥ የሰፈሩንም አሮጊቶች መጠየቅ ይገባል።

የመሬቱም ጠባይ መታወቅ አለበት። ዋልካ የሚባለው ጥቍር መሬት በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጠልቆ ካልተሠራ ቤቱን እያነሣ እያወረደ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። በአዲስ አበባ በቦሌና በአቃቂ በኩል ይህ ዓይነት መሬት በብዙ ስፍራ ይገኛል። ከበሩና ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በአግድም የሚወጣ ስንጥቅ ያየ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። በዚህ ነገር የጠበቃ ልምድ አይረዳም፤ የግንበኛና የመሐንዲስ ልምድ ያስፈልጋል። ለአንድ ቀን ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ጋራ ቢመዛዘን እንደ ጤፍ ፍሬ ነው።

ስለ ሒሳብ

ቤትን ለትርፍ የሚገዛ ሰው የሚሳሳትበት ዋና ስፍራ ሒሳቡ ነው። ለምሳሌ ያህል ቤቱ በ6,000,000 ብር ቢገዛና በወር 25,000 ብር ቢከራይ፥ የዓመቱ ኪራይ 300,000 ብር፥ ከመቶ 5 ይሆናል። አዲስ ገዥ ሒሳቡን በዚህ ይጨርሳል። ልምድ ያለው ሰው ግን ከዚህ ይጀምራል። በዓመት አንድ ወር ያለ ተከራይ ቢያድር 25,000 ይቀነሳል፤ ለጣራ፥ ለቧንቧና ለቀለም 35,000 ቢወጣ 240,000 ይቀራል፤ ይህም ከመቶ 4 ነው። ግብሩ ገና አልተከፈለም። የዋጋውን እኩሌታ ከባንክ ተበድሮ ወለዱ ከመቶ 15 ቢሆን፥ ለመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 450,000 ብር ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ባለቤቱን አይመግበውም፤ ባለቤቱ ቤቱን ይመግበዋል። ይህ ሰው ተስፋው ሁሉ በዋጋው መውጣት ላይ ነው ማለት ነው። ዋጋ መውጣቱ አይቀርም ይሆናል፤ ነገር ግን ወለዱ በየወሩ ይመጣል፥ የዋጋው መውጣት ግን የሚታየው ቤቱ የተሸጠ ቀን ነው።

የኪራይም ሕግ መታወቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራይን በየስድስት ወሩ እያስወጣ ኪራይ ለመጨመር ያሰበ ሰው ሒሳቡን በአሮጌ ልምድ ላይ ሠርቷል።

ልምድ ሳይኖር ልምድን ስለ ማግኘት

«ታዲያ ምንም ያልገዛ ሰው ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። የሌላውን ልምድ መዋስ ይችላል። መጀመሪያ፥ ሊገዛ በወደደው ሰፈር አንድ ዓመት ተከራይቶ ቢቀመጥ፥ አራቱን ወራት የዝናም፥ ስምንቱን የበጋ አይቶ ይጠግባል። ሁለተኛ፥ የሰፈሩን የዕድር ዳኛ ቢጠይቅ፥ በመዝገብ የማይገኘውን ነገር ይሰማል፤ ቤቱ በወራሾች መካከል ክርክር እንዳለበት፥ አጥሩ በጎረቤት ቦታ ላይ እንደ ገባ፥ ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ዕድርተኛው ያውቃል። ሦስተኛ፥ ሳይገዛ አሥር ቤት እየዞረ ይይ፤ የእያንዳንዱንም ዋጋ፥ ስፋት፥ ጕድለት በደብተር ይጻፍ። አሥረኛውን ቤት ሲያይ ዐይኑ ከመጀመሪያው ቀን ጋራ አንድ አይሆንም። አራተኛ፥ ከደላላ ይጠንቀቅ፤ ደላላ ልምድ የለውም አንልም፥ ልምዱ ግን የመሸጥ ነው፥ ቤቱ ውስጥ ገብቶ የመኖር አይደለም። ከወንድሙ ወይም ከወዳጁ ጋራ ተካፍሎ የሚገዛም ሰው፥ ፍቅራቸው ጸንቶ እንዲኖር ድርሻቸውን በጽሑፍ ያድርግ።

በተለይ በሹመት ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚዛወሩ ሹማምንት ይህን ነገር ሊያስቡበት ይገባል። እነርሱ በሥራ ርቀው ሳለ ዘመድ በስማቸው ይገዛላቸዋል፤ ወይም ገንዘባቸውን ልከው ቤቱ በዘመድ ስም ይጻፋል። ዘመድ ታማኝ ቢሆን እንኳ ሟች ነው፤ ሚስትና ወራሾችም አሉት። ንብረት ገንዘቡን በከፈለው ሰው ስም ይጻፍ፤ ውክልናም የተሰጠ እንደ ሆነ ለምን ሥራና እስከ መቼ እንደ ሆነ ተለይቶ ይጻፍ።

በመጨረሻም፥ ቤተ ሰብ ያገኘውን ልምድ ለልጆቹ ማውረስ ይገባዋል። ብዙ አባቶች ቤቱን ያወርሳሉ፥ የቤቱን ታሪክ ግን ይዘውት ይሞታሉ። ካርታው የት እንዳለ፥ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ፥ ከማን እንደ ተገዛ፥ ምን ዕዳ እንዳለበት፥ ከጎረቤት ጋራ ምን ስምምነት እንደ ተደረገ አንድ ገጽ ተጽፎ ከሰነዱ ጋራ ቢቀመጥ፥ ከአባት ሞት በኋላ ወንድምና እኅት በችሎት ፊት ለፊት አይቆሙም ነበር። ልጆችም ለአካለ መጠን ሲደርሱ፥ ግብር ሲከፈልና ውል ሲታደስ አብረው ይሂዱ፤ ያን ጊዜ ልምዱ ቀስ በቀስ ወደ እነርሱ ያልፋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ የቤት ገንዘብ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ቤት ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ሁሉ፥ እርጅናችሁን የምታሳርፉበት፥ ልጆቻችሁም ያለ ክርክር የሚወርሱት ቤት እንዲሆንላችሁ፥ ገንዘባችሁን ከመቍጠራችሁ በፊት ጥያቄአችሁን ቍጠሩ።